ከጭራ እስከ ሳክስፎን፦ የአንድ ሙዚቀኛ ቃና ከየት ይመጣል?

በልጅነታችን ከንፋስ መውጫ ብዙም በማትርቅ አንዲት መንደር የተገኘንበት ሰርግ ዛሬም ከአእምሯችን አልጠፋም። ዳሱ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር እኛ ልጆች ከውጭ፣ አጥሩ ሥር ተኮልኩለን ነበር። አጠገባችን ዓይናቸው የጠፋ አንድ አዛውንት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዘፈኑ ገና አልተጀመረም፤ ከዳሱ ውስጥ አዝማሪው የማሲንቆውን ቅኝት ለመሞከር ደጋኑን አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ አድርጎ ተወው። አዛውንቱ ቀና አሉና፣ "ይኸማ የእስቴው ሰውዬ ነው" አሉ። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የለም፣ እሱስ ሞቷል። ልጁ መሆን አለበት።"

ልጁ ነበር።

ከእኛ አንዱ "አባባ፣ ሳያዩ እንዴት አወቁት?" ብሎ ቢጠይቃቸው፣ "ልጄ፣ ሰው በድምፁ አይታወቅም እንዴ?" ብለው መለሱለት። መልሱ ለእርሳቸው በቂ ነበር፤ እኛን ግን ለብዙ ዓመታት ሲያብሰለስለን ኖሯል። አዛውንቱ ከአንዲት የደጋን እንቅስቃሴ ተጫዋቹን ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹን መምህር ጭምር ለይተዋል። በአየር ውስጥ ተጉዞ ጆሯቸው የደረሰው የግፊት ለውጥ ብቻ ነው። ታዲያ በዚህ የግፊት ለውጥ ውስጥ አባትም ልጅም የተጻፉት የት ላይ ነው? በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ በፊዚክስ መነጽር ለመመልከት እንሞክራለን።

የድምፅ ሦስት መለያዎች

ማንኛውም የሙዚቃ ድምፅ በዋናነት በሦስት ነገሮች ይለያል። የመጀመሪያው ቅጥነቱ ወይም ውፍረቱ ነው፤ ይህን የሚወስነው ድምፁን የሚፈጥረው አካል በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ ማለትም ድግግሞሹ ነው። መለኪያውም ኸርዝ ይባላል። ሁለተኛው የድምፁ ኃይል ነው። ሦስተኛው ደግሞ ቃናው ነው። ማሲንቆና ዋሽንት አንድ ዓይነት ድግግሞሽ ያለውን ድምፅ በእኩል ኃይል ቢያሰሙ እንኳ አንዱን በሌላው የሚሳሳት ሰው አይገኝም። የሚለያያቸው ቃናቸው ነው።

ቃና ከምን ይሠራል? ጀርመናዊው ሳይንቲስት ኸርማን ፎን ኸልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1863 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ አንድ ክር በ200 ኸርዝ ሲርገበገብ የሚያሰማው 200 ኸርዝን ብቻ አይደለም። በተጓዳኝ 400፣ 600፣ 800 እያለ የሚቀጥል የብዜት ድምፆች ጭፍራ አብሮ ይወጣል። እነዚህን ብዜቶች ሃርሞኒክ እንላቸዋለን። ጆሯችን በአንድነት እንደ አንድ ድምፅ ቢሰማቸውም፣ የእያንዳንዳቸው ድርሻ መብዛትና ማነስ ለቃናው መልክ ይሰጠዋል። ወጥ በቅመሙ መጠን እንደሚለያይ ሁሉ ድምፅም በሃርሞኒኮቹ መጠን ይለያያል።

ነገር ግን የሃርሞኒክ መጠን ብቻውን ሁሉንም ነገር አይገልጽም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪዎች የልዩ ልዩ መሣሪያዎችን ድምፅ በማግኔት ክር ቀድተው የእያንዳንዱን ድምፅ መነሻ፣ ማለትም የመጀመሪያዋን የሴኮንድ ቅንጣት፣ ቆርጠው አስወገዱና ለአድማጮች አሰሙ። የሙዚቃ ችሎታ ያላቸው አድማጮች ጭምር አንዱን መሣሪያ ከሌላው ማምታታት ጀመሩ። ይህም የአንድ ድምፅ ማንነት በእጅጉ የሚገለጸው በአነሳሱ መሆኑን ያሳያል። እንግዲህ የሰርጉ አዛውንት ዘፈኑ እስኪጀመር መጠበቅ ለምን እንዳላስፈለጋቸው ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

ጭራ ከጭራ ሲገናኝ

ማሲንቆ አንድ ክር ብቻ ያለው መሣሪያ ነው። ክሩ ብዙ የፈረስ ጭራ በአንድነት ተደርጎ የሚሠራ ሲሆን፣ የሚመታበት ደጋንም በዚያው በፈረስ ጭራ የተወጠረ ነው። ጭራው ሙጫ ካልተቀባ ደጋኑ ቢመላለስም ይህ ነው የሚባል ድምፅ አይሰማም። ለምን?

ምስጢሩ ሰበቃ ነው። ሁለት ነገሮች ሳይንሸራተቱ ተያይዘው ሳሉ በመካከላቸው ሊኖር የሚችለው ሰበቃ፣ መንሸራተት ከጀመሩ በኋላ ካለው ሰበቃ ይበልጣል። ከባድ ሣጥን ስንገፋ ከቦታው ማስነሣቱ ካንቀሳቀስነው በኋላ ከመግፋት ይልቅ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። ሙጫው ይህን ልዩነት ያሰፋዋል። ደጋኑ ሲሳብ ክሩን ይዞት ይሄዳል፤ ክሩ ሲለጠጥ ወደ ቦታው የሚመልሰው ጉልበት እያደገ ይመጣና ከሰበቃው ሲበልጥ ክሩ ድንገት ያመልጣል፤ ወዲያው ደግሞ ደጋኑ መልሶ ይይዘዋል። መያዝና ማምለጥ፣ መያዝና ማምለጥ፤ ይህ ዑደት በሴኮንድ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ማጠፊያው የደረቀ በር ሲከፈት ሲጥ የሚለውም በዚሁ ሕግ ነው።

ኸልምሆልትዝ ይህን ክር በተለየ ማጉያ መሣሪያ ሲመለከት ያገኘው ነገር ያስደንቃል። በደጋን የሚመታ ክር ለዓይናችን ሆዱ የተነፋ መስሎ ቢታይም፣ በእያንዳንዷ ቅጽበት ቅርጹ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ ነው። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ማዕዘን በክሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይሮጣል፤ በደጋኑ ሥር ባለፈ ቁጥርም የመያዝና የማምለጡን ሰዓት ይነግረዋል። ለምሳሌ ያህል የክሩ ርዝመት ግማሽ ሜትር፣ ድግግሞሹም 200 ኸርዝ ቢሆን፣ ማዕዘኑ በአንድ ዑደት ደርሶ መልስ 1 ሜትር፣ በአንድ ሴኮንድ ደግሞ 200 ሜትር ይጓዛል። ይህ በሰዓት 720 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። አዝማሪው ዘና ብሎ ሲጫወት በጣቶቹ መካከል የሚሮጠው ነገር ፍጥነቱ ይህን ያህል ነው።

እዚህ ላይ የተጫዋቹ ድርሻ ይመጣል። ተጫዋቹ በቀኝ እጁ ሦስት ነገሮችን ይወስናል፦ ደጋኑን ምን ያህል ይጫነዋል? በምን ፍጥነት ይስበዋል? ክሩን በየት በኩል ይመታዋል? አሜሪካዊው ጆን ሼለንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጥናት እንዳሳየው፣ ለእያንዳንዱ ቦታና ፍጥነት የጫናው መጠን ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አለው። ጫናው ከዝቅተኛው ወሰን ካነሰ ክሩ ያለ ጊዜው ያመልጥና ድምፁ ይሳሳል፤ ከከፍተኛው ከበለጠ ደግሞ ክሩ በሰዓቱ ማምለጥ ያቅተውና ያንቋርራል። ደጋኑ ክሩን ከቆዳው በላይ ደግፎ ወደያዘው እንጨት በተጠጋ ቁጥር ድምፁ ይሰላል፤ ነገር ግን በሁለቱ ወሰኖች መካከል ያለው ሜዳ እየጠበበ ይሄዳል። ጀማሪ ከሜዳው ውጭ ሲንከራተት ይሰማል። የበሰለ ተጫዋች ግን በዚህ ሜዳ ውስጥ የራሱን ቦታ መርጦ ቤቱን ሠርቷል። ከአባቱ ጉልበት ሥር ተቀምጦ የተማረ ልጅ ደግሞ ቤቱን የሚሠራው ብዙውን ጊዜ አባቱ በሠራበት ግቢ ነው።

ጣቱና ቆዳው

የግራ እጅም የራሱን አሻራ ይተዋል። ጊታር የሚጫወት ሰው ክሩን ከአንገቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ አንገቱ ላይ በተርታ የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶችም የድምፁን ከፍታ ደረጃ በደረጃ ይወስኑለታል። የማሲንቆ ተጫዋች ግን ክሩን ወደ አንገቱ አይጫንም፤ በጣቱ ሥጋ ይነካዋል እንጂ። ከዚህ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ሥጋ ለስላሳ በመሆኑ ከፍተኛ ሃርሞኒኮችን ይውጣል፤ ስለዚህ ድምፁ ከብረት ይልቅ ወደ ሰው ጉሮሮ ይቀርባል። ሁለተኛ፣ የሚያግድ ደረጃ ስለሌለ ጣቱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ማለፍ ይችላል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ከሌሎች ቅኝቶች የሚለያቸው የድምፆቻቸው ርቀት ቢሆንም፣ ተጫዋችን ከተጫዋች የሚለየው ግን ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚሸጋገርበት መንገድ ነው።

ከክሩ የተነሣው ርግብግቢት በእንጨቱ አማካይነት ወደ ቆዳው ይተላለፋል። ክሩ ብቻውን ቀጭን ስለሆነ አየሩን ሊገፋ አይችልም፤ ድምፁን ወደ አየር የሚያወጣው ቆዳው ነው። ቆዳው ግን ሁሉንም ሃርሞኒኮች በእኩል አያስተናግድም። እንደ ስፋቱ፣ ውፍረቱና ውጥረቱ የሚወዳቸው ድግግሞሾች አሉት፤ እነርሱን ያጎላል፣ ሌሎቹን ያፍናል። በዚህ ላይ ቆዳ እርጥበት ሲጠጣ ይላላል። በክረምት የጉና ጭጋግ በወረደ ጊዜ የተመታ ማሲንቆ በበጋ በበሽሎ ቆላ ከተመታው የሚለይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንግዲህ መሣሪያው፣ የአየሩ ጠባይና የተጫዋቹ ሁለት እጆች አንድ ላይ ሆነው አንድ ቃና ይሠራሉ። መሣሪያው ቢለወጥም ሁለቱ እጆች ግን አይለወጡም።

ሽለላ በሳክስፎን

እስካሁን ያየነው ቃና በአንድ ዓይነት መሣሪያ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ነው። መሣሪያው ጨርሶ ሲለወጥስ ምን ይሆናል? ለዚህ ከጌታቸው መኩሪያ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ በጠቅላላውም በሰሜኑ ደጋ ያደገ ሰው ሽለላን፣ ቀረርቶንና ፉከራን ያውቃል። የሽለላ ዜማ በተወሰነ ምት አይታሰርም፤ በድንገት ከፍ ብሎ ይፈነዳል፤ ከዚያም አንድ ትንፋሽ እስኪያልቅ እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1935 በይፋት የተወለደው ጌታቸው ሙዚቃን የጀመረው በክራርና በማሲንቆ ነበር። በ1949 በአዲስ አበባ የማዘጋጃ ቤት ባንድ ሥራ ጀመረ፤ በ1955 ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ ተዛወረ። በእጁ የያዘው ሳክስፎን አዶልፍ ሳክስ የተባለ ቤልጅየማዊ በ1846 በፓሪስ የባለቤትነት መብት ያወጣበት የአውሮፓ መሣሪያ ነበር። ጌታቸው ግን በእርሱ የሸለለው የአገሩን ሽለላ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሸክላ ያስቀረጸው ሥራው፣ በኋላም በ2006 ዘ ኤክስ ከተባለው የኔዘርላንድ ባንድ ጋር ያወጣው "ሞዓ አንበሳ" የተሰኘው አልበም ይህን ቃና ለዓለም አስተዋወቀ። የውጭ አገር አድማጮች ከአሜሪካዊው አልበርት አይለር ጋር ሲያነጻጽሩት ይሰማል፤ የእርሱ ምንጭ ግን የአገሩ ጉሮሮ ነበር። ጌታቸው በ2016 ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

የሰው ጉሮሮ በናስ ቧንቧ እንዴት ሊሰማ ይችላል? በሳክስፎን ውስጥ ድምፁን የሚያስነሣው በአፍ የሚያዘው ቀጭን የመቃ ልሳን ነው። ልሳኑ በአንድ ወገን ከመሣሪያው ቧንቧ ጋር፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከተጫዋቹ አፍና ጉሮሮ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በልሳኑ ላይ የሚሠሩት የአየር ዓምዶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ናስ፣ ሌላው ሥጋ። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ጥናት በተጫዋቾች አፍ ውስጥ ያለውን የድምፅ ሁኔታ እየነፉ ሳሉ ለኩ። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች እጅግ ቀጭን የሆኑትን ድምፆች ሲያወጡ የጉሮሯቸውን ሬዞናንስ ከሚፈልጉት ድምፅ ጋር ያስማሙ ነበር፤ ልምድ የሌላቸው ይህን ማድረግ ስላልቻሉ ድምፆቹን ማውጣት አልቻሉም። ከዚህ በመነሣት አንድ ነገር መናገር ይቻላል፦ ሳክስፎን የሚነፋ ሰው ጉሮሮውን ከቤቱ ጥሎ አይመጣም። ሽለላ ሰምቶ ያደገ ጉሮሮም ሽለላውን ይዞ ወደ ቧንቧው ይገባል።

ከሚሲሲፒ የተገኘ ተመሳሳይ ታሪክ

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ አይደለም። የብሉዝ ጊታር አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ቢ. ቢ. ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1925 በሚሲሲፒ ተወለደ። ዘመዱ ቡካ ዋይት በክሩ ላይ ጠንካራ ነገር እያንሸራተተ ጊታር የሚጫወት ዕውቅ ሙዚቀኛ ነበር። በዚህ አጨዋወት ድምፁ ልክ እንደ ማሲንቆ ያለ ደረጃ ይንሸራተታል። ኪንግ ይህን ድምፅ ይወደው ነበር፤ ሊጫወተው ግን እንዳልቻለ ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። ስለዚህ ያንን ለመምሰል የግራ እጁን ጣት በክሩ ላይ ማንቀጥቀጥ ጀመረ። ዛሬ ከአንድ ድምፅ ብቻ ቢ. ቢ. ኪንግን የምንለይበት ምልክት ይኸው መንቀጥቀጥ ነው።

አልበርት ኪንግ ደግሞ ግራኝ ስለነበር ለቀኝ እጅ የተወጠረውን ጊታር ገልብጦ ይዞ ቀጫጭኑን ክሮች ወደ ታች እየሳበ ይጫወት ነበር። ክር ወደ ጎን ሲሳብ ውጥረቱ ይጨምራል፤ ድግግሞሹም ከውጥረቱ ካሬ ሥር ጋር አብሮ ያድጋል። ድምፁን በአንድ ሙሉ ደረጃ ከፍ ለማድረግ ድግግሞሹን በ12 በመቶ ገደማ መጨመር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ውጥረቱ በ26 በመቶ ገደማ መጨመር አለበት። ጉልበት ይጠይቃል። አልበርት ኪንግን ሲያዳምጥ ያደገው የቴክሳሱ ስቲቪ ሬይ ቮን ይህን የክር አሳሳብ ወረሰ፤ ነገር ግን እርሱ ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ነበር፤ ጊታሩንም የሚወጥረው ከተለመደው በወፈሩ ክሮች ነበር። ስለዚህ የወጣው ድምፅ የአልበርት ኪንግ ልጅ መሆኑ ቢታወቅም አልበርት ኪንግን አይደለም። በ1983 ሁለቱ በአንድ የካናዳ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጫወቱ ተቀርጿል። የሚያዳምጥ ሰው መምህሩንና ደቀ መዝሙሩን ዓይኑን ጨፍኖ ይለያል።

የኤሌክትሪክ ማጉያውም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ የሞገዱን ጫፍና ሥር መላጨት ይጀምራል። የተላጨ ሞገድ ደግሞ በመጀመሪያው ያልነበሩ አዳዲስ ሃርሞኒኮች ይኖሩታል። እንግሊዛዊው ኤሪክ ክላፕተን በ1966 ከጆን ማያል ጋር ባወጣው አልበም የሰማነው ወፍራምና የማይሞት ድምፅ የተገኘው ማጉያውን በኃይል አስጩኾ በመቅረጽ ነው። መሐንዲስ እንደ ጉድለት የሚቆጥረውን ሙዚቀኛ ቃና አደረገው።

የሚወረሰው ምንድን ነው?

እነዚህን ታሪኮች ስናስተያያቸው አንድ ሕግ ይታየናል። ቢ. ቢ. ኪንግ የቡካ ዋይትን መንሸራተት ፈልጎ በጣት ሊደርስበት ሞከረ። ጌታቸው የሸላይን ጉሮሮ ፈልጎ በናስ ሊደርስበት ሞከረ። የእስቴው አዝማሪ ልጅም የአባቱን ድምፅ በራሱ ክንድና በራሱ ማሲንቆ ሊደርስበት ሞክሯል። ማንም ፍጹም አልደረሰም፤ ክንዱ፣ ክሩ፣ ቆዳው የተለየ ነውና። የፈለጉት ድምፅ ከቀደሙት የተወረሰ ነው፤ የደረሱበት ድምፅ ግን የራሳቸው ነው። የአንድ ሙዚቀኛ ቃና የሚባለውም በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይመስለናል። ስለዚህ የቀደሙትን መምሰል የራስን ቃና ያጠፋል ብሎ መስጋት አያስፈልግም። ይልቅስ የሚመስለው የሌለው ሰው ከማን እንደሚለይም አይታወቅም።

የራማን ትምህርትና የእኛ የቤት ሥራ

ከዚያ ሰርግ ማግስት ከቆርቆሮ፣ ከዱላና ከተለመነ የፈረስ ጭራ ማሲንቆ መሰል ነገር ሠርተን ነበር። ድምፅ ሳይሰጥ "አዝማሪ ልትሆን ነው?" የሚል ቁጣ ወረደብንና ተሰበረ። ያ ቁጣ የአንድ ቤት ብቻ አልነበረም፤ በዘመኑ የነበረ የኅብረተሰብ ንቀት ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በውጭ አገር ለዶክትሬት ስንማር አንድ ቀን በቤተ መጻሕፍት ሕንዳዊው ቻንድራሴክሃራ ቬንካታ ራማን እ.ኤ.አ. በ1918 በደጋን ስለሚመቱ ክሮች የጻፈውን ጥናት አገኘን። ራማን በ1930 የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ስለ ብርሃን መበተን ባደረገው ምርምር ነው። ከዚያ በፊት ግን በካልካታ፣ በመንግሥት የሒሳብ ሥራ ተቀጥሮ በትርፍ ጊዜው ሲመራመር ጀምሮ የክርንና የደጋንን ሕግ መርምሯል፤ የአገሩን ከበሮዎችም አጥንቶ በ1920 ከተባባሪው ጋር ግኝቱን አሳትሟል። የአገሩ መሣሪያ ለሳይንስ የማይመጥን ነው ብሎ አላፈረም። ያን ቀን የተሰበረችው ቆርቆሮ ትዝ አለችን።

ዛሬ ይህን ምርምር ለመጀመር ትልቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ድምፅ የሚቀዳና የሃርሞኒኮችን መጠን በሥዕል የሚያሳይ ነጻ ፕሮግራም በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ ይገኛል። በንፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ የምትማሩ ተማሪዎች ይህን ሞክሩ። አንድ አዝማሪ አስፈቅዱ፤ ለጊዜውም ተገቢውን ክፈሉት። በመጀመሪያ በአንድ ማሲንቆ ላይ ደጋኑን በሦስት የተለያዩ ቦታዎች እያደረገ አንድ ዓይነት ድምፅ እንዲያሰማ ጠይቁት፤ ከፍተኛ ሃርሞኒኮች የት ላይ እንደሚበዙ ተመልከቱ። ቀጥሎ ሁለት ተጫዋቾች በአንድ ማሲንቆ፣ ከዚያም አንድ ተጫዋች በሁለት ማሲንቆ ይጫወቱ። የሚለወጠውንና የማይለወጠውን በሠንጠረዥ አስፍሩ። የድምፁን መነሻ ለብቻው ቆርጣችሁ ለጓደኞቻችሁ አሰሙ፤ ያለ እርሱ ማን ማን እንደሆነ ይለዩ እንደሆነ ፈትኑ። በመጨረሻም ቀኑን፣ ቦታውን፣ ተጫዋቹ ከፈቀደም ስሙንና ከማን እንደተማረ መዝግባችሁ አስቀምጡ። ይህ የመጨረሻው መስመር ከሥዕሉ ያነሰ ዋጋ ያለው እንዳይመስላችሁ።

በርጩማው ላይ ተቀምጠው የነበሩት አዛውንት ዛሬ በሕይወት የሉም። ጆሯቸው በየትኛውም ላቦራቶሪ ከምናውቀው መለኪያ የማያንስ ነበር፤ የሁለት ትውልድ ቃና ለይቷል። እርሳቸው የሰሙትን ድምፅ ግን፣ የአባትየውንም ሆነ የልጁን፣ በዚያ ሰርግ ላይ የቀዳ ሰው አልነበረም።